ቀስት ያለው ኬብል

ሠርጉ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ረዳቴ አዲስ የገዛውን ኬብል ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ቀስት ታትሞበታል። «ጋሼ፣ ገልብጬ ስሰካው የኪቦርዱ ድምፅ ይታፈናል» አለኝ። እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ ለሠርግና ለስግድ በዓል ድምፅ ማጉያ ስዘረጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ለጆሮ የሚቀርብ ሙግት ግን በጆሮ ይፈተን ባይ ነኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቀመጥ ነገርኩት። ኪቦርድ ተጫዋቹ አንዲት የትዝታ ዜማ ይደጋግማል፤ እኔ ሚክሰሩን ዝቅ እያደረግሁ ኬብሉን አንዳንዴ ገልብጬ፣ አንዳንዴ እንደነበረው 10 ጊዜ ሰካሁት። ልጁ 5 አገኘ፣ 5 ሳተ።

ድምፅ በሽቦ ውስጥ እንደ ወንዝ ቁልቁል አይወርድም። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በሰከንድ 440 ጊዜ ኤሌክትሪኩን ወደፊት ገፍቶ ወደኋላ ይመልሰዋል። ለመዳብ ሁለቱም መንገድ አንድ ነው። ኤሌክትሪክን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ ነው፤ ለዚያም ሲሊከን ውስጥ ሌላ ንጥረ ነገር መጨመር ያሻል። በከተማችን የኢንቴል ፋብሪካ የሚሠራው ቺፕ የቆመው በዚሁ ጥበብ ላይ ነው። ካኖን የምንለው የማይክ ኬብልማ ይባስ ብሎ ድምፁን ወደ ሚክሰሩ ሲያወርድ፣ ለኮንደንሰር ማይክ የሚሆነውን 48 ቮልት በዚያው ሽቦ ሽቅብ ይሰዳል።

ታዲያ ቀስቱ ውሸት ነው? የኬብሉን ጫፎች ፈትቼ በመለኪያ አየሁት። ውስጡ ሁለት ሽቦ አለው፤ በላያቸው የተጎነጎነው መከለያ የተበየደው ግን በአንዱ ጫፍ ብቻ ነው። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፦ በመሣሪያዎቹ መካከል የሚዞረው የ50 ኸርትዝ ጉርምርምታ በመከለያው እንዳይሻገር። ቀስቱም የተበየደው ጫፍ ድምፁ በሚነሣበት በኩል ይሁን ማለቱ ነው። ጸጥ ባለ አዳራሽ ጆሮ ላይለየው ይችላል፤ የመብራት ማደብዘዣ በበዛበት ግን ሊታወቅ ይችላል። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ኬብል ሠርቼ ምልክት ሳላደርግበት ቀርቼ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ ጉርምርምታ ስፈልግ አድሬአለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው ተረት የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በምንጩ ጫፍ ላይ ቀይ ቴፕ ሳልጠቀልል ኬብል ከእጄ አይወጣም።

የሙሽሮቹ መኪና ጥሩንባ ከውጭ ሲሰማ ልጁ ኬብሉን እንደያዘ ቆሞ ነበር። «እና በየት በኩል ልሰካው?» አለኝ።

«እንደ ቀስቱ» አልኩት።