አሥራ ሁለት እኩል ክፍል

በፕራግ፣ በአሮጌው ከተማ ማዘጋጃ ቤት ደቡባዊ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰዓት አለ። በገጹ ላይ አሥራ ሁለቱ የኮከብ ምልክቶች የሰፈሩበት ቀለበት ይዞራል። ቀለበቱ መሃል ላይ አልተቀመጠም። ከመሃል ፈንጠር ብሏል፤ ስለዚህ ሲዞር አንዴ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዴ ወደ ጎን ያደላል፣ አንዴ ወደ ታች ይወርዳል። ቀረብ ብሎ ላየው ሌላም ነገር ይታያል። የአሥራ ሁለቱ ክፍሎች ስፋት አንድ አይደለም። ሸርጣንና ጎረቤቶቹ ሰፊ ቦታ ይዘዋል። ጀዲና ጎረቤቶቹ ተጠጋግተዋል።

ምልክቶቹን አውደ ነገሥት በሚያውቃቸው ስም ነው የምጠራቸው፤ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። በዓረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ የደረሰው ቀለበትና በፕራግ ግድግዳ ላይ ያለው አንድ ናቸው። የሁለቱም አገር ባቢሎን ነው።

ሰማይ ድቡልቡል ነው፤ የሰዓት ገጽ ጠፍጣፋ ነው። ሠሪው የገጠመው ችግር ይህ ነበር። ቀለበቱ ፀሐይ በዓመት ውስጥ በከዋክብት መካከል የምትሄድበት መንገድ ነው። መንገዱ ከምድር ወገብ ጋር ትይዩ አይደለም፤ 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብላል። ሠሪው ዓይኑን በሰሜን ዋልታ ላይ እንዳስቀመጠ ቆጠረ። ከዚያ ነጥብ በፀሐይ መንገድ ላይ ወዳለው እያንዳንዱ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሰደደ። መስመሩ የምድር ወገብን ወለል የሚያገኝበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ። በዚህ ስልት ክብ የነበረው ክብ ሆኖ ይቀራል። መሃሉ ግን ቦታውን ይለቃል። ለሰሜን የቀረበው ይሰፋል፣ ወደ ደቡብ የራቀው ይጠባል። በሰማይ ላይ እያንዳንዳቸው 30 ዲግሪ የሆኑት አሥራ ሁለቱ ክፍሎች በብረቱ ላይ ትልቅና ትንሽ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሁሉ የተሰላው በ1410 ነው። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የሰዓት ሠሪው የካዳኙ ሚኩላሽ ይባላል። ስሌቱን አብሮት የሠራው ያን ሺንዴል በፕራግ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብና የሥነ ፈለክ መምህር ነበር።

ከገጹ ጀርባ ያለውን ሳስብ ደግሞ ሁልጊዜ እገረማለሁ። ሦስት ትልልቅ ማርሾች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረዋል። መጠናቸው እኩል ነው፤ የጥርሳቸው ቁጥር ግን ይለያያል። አንዱ 365፣ ሁለተኛው 366፣ ሦስተኛው 379 ጥርስ አለው። ሦስቱንም የሚያዞራቸው 24 ጥርስ ያለው ትንሽ ማርሽ ነው። ባለ 365ቱ የኮከቡን ቀለበት ይነዳል። ባለ 366ቱ የፀሐይዋን እጅ ይነዳል። ቀለበቱ አንድ ዙር ሲጨርስ ፀሐይዋ አንድ ጥርስ ይቀራታል። በማግስቱ ሁለት ጥርስ ይቀራታል። እንዲህ እያለች ቀለበቱ 366 ጊዜ ሲዞር እሷ 365 ጊዜ ትዞራለች፤ በዚህም መካከል አሥራ ሁለቱን ምልክቶች አንድ በአንድ አዳርሳ ወደ መነሻዋ ትመለሳለች። ይህ አንድ ዓመት ነው። ዓመቱን የሠራው የአንድ ጥርስ ልዩነት ነው። ባለ 379ኙ የጨረቃ ነው። ጨረቃ በየቀኑ ከፀሐይ 13 ጥርስ ወደ ኋላ ስለምትቀር አንድ ዙሯ 24 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰማይ ላይ ካለችው ጨረቃ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

የወርቅ ቀለም የተቀባችው ፀሐይ በእጁ ላይ አልተበየደችም። እየተንሸራተተች ሁልጊዜ ቀለበቱ ላይ ትገኛለች። በሰኔ አጋማሽ ሸርጣን ላይ ስትደርስ ከመሃል እጅግ ትርቃለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ጀዲ ላይ ስትደርስ ወደ መሃል ትጠጋለች። እኩለ ቀን ላይ ቆሞ የሚያያት ሰው በበጋቸው ከፍ፣ በክረምታቸው ዝቅ ብላ ያገኛታል። ፕራግ ላይ እውነተኛዋ ፀሐይም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

የሰው ዕጣ ከዚህ ቀለበት ይነበባል የሚለውን አልቀበልም። ቀለበቱን የሠራውን አእምሮ ግን አከብራለሁ። በሰማይ ላይ ያሉት የኮከብ ምስሎች እኩል አይደሉም። ዛሬ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ባሰመሩት ወሰን ፀሐይ በሰንቡላ ከዋክብት ፊት ለማለፍ 45 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ በአቅራብ ፊት ለማለፍ አንድ ሳምንት ይበቃታል። በአቅራብና በቀውስ መካከል ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ የማይቆጠረው እባብ ያዡ እግሩን አስገብቷል። የባቢሎን ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ይህን የተዘበራረቀ መንገድ ለአሥራ ሁለት ከፍለው ለያንዳንዱ 30 ዲግሪ ሰጡት። ምስሎቹን በስም ብቻ አስቀሯቸው። ሰማይ አልለካ ሲላቸው መለኪያ ሠሩለት። በኋላም ግሪኮቹ የመለኪያውን ጫፍ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት በእኛ መጋቢት 12 አካባቢ ላይ ቸነከሩት። ያ ነጥብ በከዋክብት መካከል በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚንሸራተት ዛሬ ፀሐይ «ሐመል ገባች» ሲባል ከጀርባዋ ያሉት የሑት ከዋክብት ናቸው። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው ኮከብ ቆጣሪዎችን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ምርጫ ነው እላለሁ። ግሪኮቹ ከከዋክብትና ከወቅቶች አንዱን መያዝ ነበረባቸው፤ ወቅቶችን ያዙ።

የቻይናው አሥራ ሁለት ሌላ ሥራ ነው። አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ ፍየል፣ ጦጣ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ አሳማ። ሰማይ ላይ እነዚህን የሚመስል ቀለበት የለም። እኛ ዓመትን በአራቱ ወንጌላውያን ስም ስንጠራ ቀና ብለን ከዋክብት አናይም፤ ተራ እንቆጥራለን። እነሱም ይቆጥራሉ፤ ግን በሁለት ቁጥር አንድ ላይ። አንዱ ቁጥር እስከ 10 ይሄዳል፤ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ ሁለት ሁለት ጊዜ። ሌላው እስከ 12 ይሄዳል፤ እንስሶቹ። ሁለቱ በየዓመቱ እኩል አንድ አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ሁለቱም ወደ አንደኛው ቦታቸው አብረው የሚመለሱት በ60 ዓመት ነው። አሥር በአሥራ ሁለት ሲባዛ 120 ነው፤ ከ120ው ጥንድ ግማሹ ለዘላለም አይገናኝም። ጎዶሎ ከጎዶሎ፣ ሙሉ ከሙሉ ጋር ብቻ ይገጥማል። ከአሥሩ የመጀመሪያው አይጥን፣ ነብርን፣ ዘንዶን ያገኛል፤ በሬን ግን በፍጹም አያገኝም።

ስለዚህ በአንድ ክፍል የሚማሩ ልጆች አብዛኞቹ አንድ እንስሳ ይጋራሉ፤ በኮከብ ግን በአሥራ ሁለቱም ይበተናሉ። ጥር ላይ የተወለደ ሰው ግን ይጠንቀቅ። የቻይና አዲስ ዓመት ጨረቃን ስለሚከተል እንደ አውሮፓውያኑ ከጥር 21 እስከ የካቲት 20 ባለው ጊዜ ወዲህና ወዲያ ይላል። በ1990 የፈረስ ዓመት የገባው ጥር 27 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው እባብ ነው።

ባዶ ቁጥር ነው ብሎ መናቅ ግን አይቻልም። 1966 የእሳት ፈረስ ዓመት ነበር፤ በ60 ዓመት አንዴ የሚመጣ፣ ቀጣዩም 2026። በጃፓን በዚያ ዓመት የምትወለድ ሴት ባሏን ትጎዳለች የሚል እምነት ነበረ። በ1965 በአገሪቱ 1.82 ሚሊዮን ልጆች ተወልደው ነበር። በ1966 ቁጥሩ ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ።

እንስሶቹና ቦታቸው እስኪገጣጠሙ ጊዜ ወስዷል። በ1975 በሁቤይ አውራጃ፣ በሽዌይሁዲ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ217 የተዘጋ የአንድ የቺን መንግሥት ሹም መቃብር ተከፈተ። ውስጡ የተጻፈባቸው ከ1,100 በላይ የቀርከሃ ስንጥሮች ነበሩ። በስንጥሮቹ ላይ የእንስሶቹ ዝርዝር አለ። አገልግሎቱ ሌባ መያዝ ነው። ቀናትም በእንስሶቹ ተራ ይቆጠሩ ነበርና፣ የተሰረቀበት ቀን የአይጥ ከሆነ ሌባው አፉ ሾጠጥ ያለ፣ ጢሙ የሳሳ ሰው ነው ይላል። በዚህ ዝርዝር ሰባተኛው ቦታ ላይ ያለው አጋዘን ነው፤ ፈረስ ስምንተኛ ላይ ነው። ዋንግ ቾንግ የተባለው ሊቅ በ1ኛው መቶ ዓመት ሲጽፍ ግን ሁሉም ዛሬ ባሉበት ቦታ ተቀምጠዋል።

ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ሊቃውንቱ መጋጠሚያውን ማለስለስ ያዙ። ጎዶሎ ቦታ ላይ ያሉት እንስሶች ጣታቸው ጎዶሎ፣ ሙሉ ቦታ ላይ ያሉት ሙሉ መሆን አለበት አሉ። ነብር፣ ዘንዶ፣ ጦጣና ውሻ አምስት አምስት ጣት። ፈረስ አንድ ሰኮና። በሬና ፍየል ሁለት፣ ዶሮና አሳማ አራት። እባብ እግር የለውም፤ ምላሱ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። ጥንቸልም ከንፈሯ የተሰነጠቀ ነው። አይጥ ቀረ። አይጥ የፊት እግሩ አራት፣ የኋላው አምስት ጣት አለው። ሙሉም ጎዶሎም ነው። እንስሶቹ ደግሞ ቀንና ሌሊቱን ሁለት ሁለት ሰዓት ይካፈሉታል። አይጥ የያዘው ጊዜ ከሌሊቱ 5 እስከ 7 ሰዓት ነው፤ እኩለ ሌሊት በመሃሉ ያልፋል። ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ነው። ፊትና ኋላው የተለያየ እንስሳ ሁለት ቀን በሚገናኙበት ላይ ተቀመጠ። ምክንያቱ በኋላ የተፈለገ መሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም ይህን ያስተዋለ ሰው የአይጥን እግር ገልብጦ ጣቶቹን ቆጥሯል፤ አይጥን ቀርቶ ድመትን እንዲህ አድርጎ ያየ ስንት አለ?

ይህ የጎዶሎና የሙሉ ሕግ በድንጋይና በነሐስ የተሠራበት ቦታ ቤይጂንግ አጠገብ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ በዩዋንሚንግዩዋን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሃይያንታንግ የተባለ ሕንፃ አሠራ፤ በ1759 ተጠናቀቀ። ከፊቱ ገንዳ ነበር። በገንዳው ዳርና ዳር ስድስት ስድስት ሆነው አሥራ ሁለት ሐውልቶች ተቀምጠዋል። ገላቸው የሰው፣ ካባ የለበሰ፣ ከድንጋይ። ራሳቸው የእንስሳ፣ ከነሐስ። የንድፉ ባለቤት ከሚላኖ የመጣው የኢየሱሳውያን መነኩሴና ሠዓሊ ጁሴፔ ካስቲሊዮኔ ነው። ውሃውን የመራው ፈረንሳዊው ሚሼል ቤኗ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ በራሱ ሁለት ሰዓት ከአፉ ውሃ ይተፋል፤ ሲጨርስ ቀጣዩ ይረከበዋል። እኩለ ቀን ላይ አሥራ ሁለቱም አንድ ላይ ይተፋሉ።

አቀማመጣቸውን ልብ ይሏል። በደቡብ በኩል አይጥ፣ ነብር፣ ዘንዶ፣ ፈረስ፣ ጦጣ፣ ውሻ። በሰሜን በኩል በሬ፣ ጥንቸል፣ እባብ፣ ፍየል፣ ዶሮ፣ አሳማ። ጎዶሎዎቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው። ስለዚህ ሰዓቱ በተቀየረ ቁጥር ውሃው ገንዳውን ተሻግሮ ከማዶ ይነሣል። ዳር ይዘው ቢደረደሩ ኖሮ ውሃው አንዱን ወገን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ ያኔ ግማሹ ቀን አንድ ወገን ደርቆ ይውላል።

በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ቤተ መንግሥቱን ዘርፎ አቃጠለ። ራሶቹ ተበተኑ። የበሬ፣ የነብር፣ የጦጣ፣ የአሳማ፣ የአይጥ፣ የጥንቸልና የፈረስ፣ ሰባቱ ወደ ቻይና ተመልሰዋል። በእነዚህ ላይ ፀጉሩ ከቀለጠው ነሐስ ጋር ብቻ የወጣ አይደለም። ከቀዘቀዘ በኋላ በመሮ መስመር በመስመር ተቀርጿል። ውሃ ለመትፋት ብቻ ይህን ያህል ፀጉር አያስፈልግም ነበር።

ሁለቱ አሥራ ሁለቶች፣ የባቢሎኑና የቻይናው፣ ግን ከካስቲሊዮኔ በፊት ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ተገናኝተዋል። በሄቤይ አውራጃ፣ በሹዌንኋ፣ የዣንግ ቤተ ሰብ መቃብሮች አሉ። በ1974 ከተገኘው፣ ዣንግ ሺቺንግ በ1116 ከተቀበረበት ክፍል ጣሪያ ላይ የተሣለ ሰማይ አለ። ጣሪያው ጉልላት ነው። ጡቡ በነጭ ኖራ ተለስኖ ሰማያዊ ተቀብቷል። መሃሉ ላይ የነሐስ መስተዋት ተሰቅሏል፤ ዙሪያውን የሎተስ አበባ ይከበዋል። ቀጥሎ ሃያ ስምንቱ የጨረቃ ማደሪያዎች ናቸው፤ ከዋክብቱ በነጠብጣብ ተለይተው በመስመር ተያይዘዋል። ከእነሱ ውጭ አሥራ ሁለቱ ምልክቶች፣ እነ ገውዝ፣ እነ ሸርጣን፣ በየትንሽ ክባቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። በሌላው የቤተ ሰቡ መቃብር ደግሞ የሹም ካባ የለበሱ አሥራ ሁለት ሰዎች ተጨምረዋል። እያንዳንዱ ቆቡ ላይ አንድ እንስሳ አለ።

ቀለበቱ ከባቢሎን ተነሥቶ በግሪክና በሕንድ አልፎ በቡድሃ መጻሕፍት ታዝሎ ነው እዚህ የደረሰው። ሠዓሊው የሚያውቀውን ልብስ አለበሰው። ገውዝ መንታ ወንድማማች መሆኑ ቀርቶ ወንድና ሴት ሆኗል። ሰንቡላ ሁለት ሴት ናት። ጀዲ ባቢሎን ላይ ራሱ ፍየል፣ ጅራቱ ዓሣ ነበር። ሕንዶቹ ራሱን በውሃ አውሬ ራስ ለወጡት፣ እዚህ የዘንዶ ራስ አወጣ፤ የዓሣው ጅራት አልተነካም። ቀውስ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ፈረስ መሆኑ ለሠዓሊው የተመቸው አይመስልም። ሰውየውን በሁለት እግሩ አቆመው፤ ፈረሱንም ለብቻው ሥሎ እንዲስበው ሰጠው።