«መንግሥት» የተሸከመው ድርብ ፍቺ

«መንግሥት» ከግዕዙ «ነግሠ» የወጣ ስለሆነ በመነሻው የንጉሥነትን ሥልጣን ያመለክታል። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቢቀርም ቃሉ በአገልግሎቱ ቀጥሏል፤ በዚህ ቅሬታ የለንም። በዚህ ሐተታ የምንነቅፈው ቃሉ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ሳይለይ መያዙን ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በእንግሊዝኛው ቅጂ የመጀመሪያው «ስቴት»፣ ሁለተኛው «ገቨርንመንት» ተብሏል። አማርኛው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለውም አማርኛው ነው።

ችግሩ በዕለት ንግግርም ይታያል። አንድ ሰው በመገናኛ በኩል የሚያልፈውን የቀላል ባቡር ሐዲድ «የመንግሥት ነው» ሲል ሹማምንት ቢለዋወጡም ጸንቶ የሚኖረውን ባለቤት ማለቱ ነው፤ «መንግሥት ተለወጠ» ሲል ግን ሹማምንቱን ራሳቸውን። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሹማምንቱን የነቀፈ ዜጋ አገሩን እንደ ነቀፈ ሊቆጠር ይችላል።

ስለዚህ በጽሑፍ እየተለመደ የመጣው «አገረ መንግሥት» ለጸናው አካል፣ «መንግሥት» ለጊዜው አስተዳዳሪ፣ «ሥርዓተ መንግሥት» ለአገዛዙ ዓይነት እንዲወሰን ሐሳብ እናቀርባለን። የወጡ ሕጎችን ቃል መለወጥ የእኛ ሥልጣን አይደለም። መዝገበ ቃላት ግን ፍቺዎቹን በተራ ቁጥር ሊለይ፣ ተርጓሚም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የትኛው እንደ ተፈለገ ሊመረምር ይገባል።