381,654,729ን ቀረብ ብሎ ማየት

381,654,729። ላይ ላዩን ሲያዩት ከስልክ ቁጥር አይለይም። ከ1 እስከ 9 ያሉት አኃዞች አንድ አንድ ጊዜ ገብተውበታል፤ እነሱን ግን በ362,880 መንገድ መደርደር ስለሚቻል ይህ ብቻውን አያስደንቅም። ከግራ ጀምረው አንድ አንድ አኃዝ እየጨመሩ ሲያነቡት ነው ጥበቡ የሚወጣው። 38 ለ2 ይካፈላል። 381 ለ3፣ 3,816 ለ4፣ 38,165 ለ5፤ እንዲህ እያለ ሙሉው ለ9 ተካፍሎ 42,406,081 እስኪሆን ድረስ የትም ቀሪ የለም። ከ362,880ው ድርድር ይህን የሚያሟላ ሌላ አንድም አይገኝም።

ያለ ምስማር እንደተገጣጠመ ሳጥን ነው፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል። ዜሮ ስለሌለ አምስተኛው ቦታ ከ5 በቀር ማንንም አይቀበልም። ሁለተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛውና ስምንተኛው ተጋማሽ መሆን ግድ ነው፤ ስለዚህ ጎዶሎዎቹ በቀሩት ቦታዎች ይገባሉ። ሦስተኛው ጎዶሎ ከሆነ ደግሞ ለ4 ለመካፈል አራተኛው 2 ወይም 6 ይሆናል። የ8 ሕግ ስምንተኛውንም እንዲሁ ያስረዋል። 4ና 8 እንግዲህ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ቦታ ይካፈላሉ። በዚህ ላይ ሦስት ሦስት እየሆኑ ሲደመሩ ለ3 መካፈል አለባቸው።

ይህን ሁሉ አልፈው የሚቀሩት 10 ቁጥሮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የሚገርመው፣ ቁልቁል የተቆጠረው 987,654,321 ነው! የቀረው ፈተና የ7 ብቻ ነው። ለ7 ደግሞ አቋራጭ ብዙም አይሠራም፤ እርሳስ ይዞ ማካፈል ነው። 9,876,543 ለ7 ሲካፈል 5 ይተርፋል፣ ይወድቃል። ሌሎች ስምንትም ይወድቃሉ። 3,816,547 ግን 545,221 ሆኖ ልክ ይገባል።

ማንም ያላዘዘው ጌጥም አለው። 381፣ 654፣ 729 የአኃዞቻቸው ድምር 12፣ 15፣ 18 ነው። 729 ደግሞ 27 በ27 ተባዝቶ የሚገኝ ነው።

ይህ ሁሉ ውበት ግን የአጻጻፋችንም ነው። በግዕዝ አኃዝ ከተጻፈው ፫፻፹፩ ላይ የመጨረሻውን ምልክት ቢያነሱ የሚቀረው 380 ነው እንጂ 38 አይደለም፤ መጋጠሚያው አይታይም። በ10 ፈንታ በ12 መሠረት ብንቆጥርማ ከዜሮ በቀር ያሉትን አኃዞች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይዞ ፈተናውን የሚያልፍ ቁጥር ከናካቴው የለም።

አኃዝ መደጋገም ቢፈቀድ ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ 3,608,528,850,368,400,786,036,725 ላይ ሲደርስ፣ በ25ኛው አኃዝ፣ ያበቃል። ከዚህ የሚረዝም የለም። ይሁን እንጂ 0ንና 8ን አምስት አምስት ጊዜ ጠርቶ፣ 1ንና 9ን ጭራሽ ሳይነካ ነው እዚያ የደረሰው። በርዝመት ይበልጣል፤ በአሠራር ግን ባለ ዘጠኝ አኃዙን አይደርስበትም።