ያረጀ ፊልምና ያልታየ ፊት

ኪነ ጥበብ መሣሪያዋን የምትመርጠው ዓላማዋን ካወቀች በኋላ ነው። በፎቶግራፍ ረገድ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተቃራኒው ሲዘወተር ይታያል። የአገልግሎት ዘመኑ ካለፈ ብዙ ዓመታት የሆነውን ፊልም ፈልጎ ማንሳት፣ አጥቦም የሚወጣውን ጭጋግና የተዛባ ቀለም እንደ ውበት መቀበል የብዙ ወጣት ባለሙያዎች ፍላጎት ሆኗል። ይህ ልማድ ሊወገዝ አይገባም፤ ሊመረመር ግን ይገባል።

ፊልም ብርሃን ሲነካው በሚለወጥ የብር ውሕድ የተቀባ ነው። ውሕዱ ሥዕል ባይነሣበትም ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከተፈጥሮ ጨረር የተነሣ ቀስ በቀስ ይለወጣል። ስለዚህ ያረጀ ፊልም ሲታጠብ ብርሃን ያልነካው ቦታ ሳይቀር ይጠቁራል፤ ጭጋግ የሚባለውም ይኸው ነው። ብርሃን የመቀበል ኃይሉም ይደክማል። ባለሙያዎች እንደ ግምት የሚይዙት ደንብ ካለፈው ጊዜ ለእያንዳንዱ አሥር ዓመት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው፤ በዚህ ስሌት 40 ዓመት ያለፈበት ፊልም 16 እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። ጥቁርና ነጩ ይጸናል፤ የባለ ቀለሙ ሦስት ንብርብሮች ግን እኩል ስለማይደክሙ ቀለሙ ይዛባል። በማጠቢያው ውስጥ ጭጋግ የሚገታ ቅመም መጨመር ይረዳል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም።

ስሌቱ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ፎቶ አንሺው እንዲህ ያለውን ፊልም ይዞ ወደ ሀዲያ፣ ወደ ጊምቢቹ ቢዘልቅስ? ከእንሰት ቅጠል ጥላ ሥር እንሰት የምትፍቅ እናት፣ በጎጆ ውስጥ ከምድጃ ዳር የተቀመጡ አዛውንት ይጠብቁታል። በዚያ 16 እጥፍ ብርሃን ከየት ይመጣል? የደከመ ፊልም አስቀድሞ የሚያጣው ጥላ ውስጥ ያለውን ነው። የበሩ መቃን ይታያል፤ ነጩ ነጠላ ይታያል፤ የአዛውንቱ ጥቁር ፊት ግን በጭጋጉ ይዋጣል። ጭጋግ፣ እንግዲህ፣ ለሁሉም እኩል አይወርድም።

ይህ የእርጅና ጠባይ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን የባለ ቀለም ፎቶግራፍ ሚዛን የሚስተካከለው የነጭ ሴት ምስል ባለበት የማመሳከሪያ ካርድ ነበር። ዣን ሉክ ጎዳር እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ሞዛምቢክ በተጋበዘ ጊዜ የኮዳክን ፊልም ዘረኛ ነው ብሎ አልጠቀምበትም ማለቱ ይነገራል። ኋላም ኩባንያው የተሻሻለ ፊልሙን ጥቁር ፈረስን በደብዛዛ ብርሃን ዝርዝሩን ሳያጠፋ ያነሣል ሲል አስተዋወቀ።

አዳም ብሩምበርግና ኦሊቨር ቻናሪን እ.ኤ.አ. በ2012 ላቀረቡት ሥራ ርእስ ያደረጉት ይህንኑ አባባል ነው። ዘመኑ ካለፈ አሥርተ ዓመታት የሆነውን የኮዳክ ፊልም ይዘው ወደ ጋቦን ሄዱ፤ የብዊቲን የምሥጢር ሥርዓት አነሡ፤ ካነሷቸው ብዙ የባለ ቀለም ጥቅሎች አንድ ምስል ብቻ ተረፈ። የሥራው ጥንካሬ የፊልሙን እንከን ክስ ማድረጉ ነው፤ ተመልካቹ መሣሪያ ገለልተኛ አለመሆኑን ይረዳል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ፊልሙ ከዘመናት በፊት ያላያቸው ሰዎች አሁንም አልታዩም። ሐሳቡ ጎልቶ ወጣ፤ የሥርዓቱ ባለቤቶች ግን ለክሱ ማስረጃ ሆነው ቀሩ። ይዘት ቅርፅን ማገልገል ሲጀምር የሚደርሰው ይህ ነው።

በሌላ ወገን የስዊድናዊው አንድሬ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 በባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ የተጓዙት ሦስት ሰዎች አልተመለሱም። ቅሪታቸውና ፊልሞቻቸው የተገኙት በ1930 ነው፤ ዮን ሄርትዝበርግ በስቶክሆልም ከፍ ባለ ጥንቃቄ አጥቦ 93 ምስሎችን አተረፈ። እዚህ ላይ ጭጋጉ ጌጥ አልነበረም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት በበረዶ የቆየ ምስክርነት የከፈለው ዋጋ ነበር።

ከሁለቱ ንጽጽር የሚወጣው መመዘኛ ግልጽ ነው። ምስል የያዘ አሮጌ ፊልም አደራ ነው፤ ባዶ አሮጌ ፊልም ግን ምርጫ ነው። ለአደራው የሚጠየቀው ትዕግሥት ሲሆን፣ ለምርጫው የሚጠየቀው ምክንያት ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1974 በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲያነሣ አቅሙ ውስን ነበር፤ የገበሬው ፊት ግን በግልጽ ይነበባል። ድህነቱ በሰውየው ኑሮ ላይ ታየ እንጂ በምስሉ ላይ አልተጫነም።

ስለዚህ በሆሳዕናም ሆነ በጊምቢቹ ያለ ፎቶ አንሺ አሮጌ ፊልም ቢይዝ፣ ከአንድ ሣጥን ከወጡት ጥቅሎች አንዱን አስቀድሞ አንሥቶና አጥቦ ይፈትን፤ የደከመውን ለመልክአ ምድርና ለጠራራ ፀሐይ ያውል፤ ለሰው ፊት ደግሞ ትኩስ ፊልም ያስቀር። የታተመውንም ለተነሣው ሰው ይስጥ። መምህራንና የባህል ሠራተኞች በበኩላቸው ከየቤተሰቡ ሣጥንና ከየፎቶ ቤቱ ጓዳ የቀሩ ነጋቲቮችንና ያልታጠቡ ጥቅሎችን ከሙቀትና ከእርጥበት ይታደጉ፤ ለማያውቅ እጅም አይስጡ፤ ፊልም የሚታጠበው አንዴ ብቻ ነውና። በእነዚያ ጥቅሎች ውስጥ የማን አባት፣ የማን ሠርግ እንዳለ ከመታጠቡ በፊት ማንም አያውቅም።

ጭጋግን መውደድ ለአርቲስቱ መብቱ ነው። ከጭጋጉ ኋላ ያለው ሰው ግን፣ ፊቱ የራሱ ነውና፣ ሊጠየቅ ይገባዋል።