መላሽ የሌለበት ክርክር

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገበያ ከበርበሬ ነጋዴዎቹ አለፍ ብሎ የእጅ ስልክ የሚጠግኑና ሚሞሪ የሚሞሉ ወጣቶች ተቀምጠው ይገኛሉ። ከገጠር የመጣው ሰው ጆንያውን ሸጦ ሲመለስ ዘፈን፣ መንዙማ ወይም መዝሙር አስጭኖ ይሄዳል። ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ሥራ አለ፤ ስሙ «ክርክር» ይባላል። ድሮ በካሴት ነበር፣ ቀጥሎ በሲዲ መጣ፣ ዛሬ በሚሞሪ ነው። የእኛ ወገን ያዘጋጀው አለ፤ የክርስቲያኑ ወገን ያዘጋጀውም አለ። ደረሶቼ ስለሚያዳምጡት እኔም ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ። ዲንን የሚመለከት ሥራ እስከሆነ ድረስ እንደማንኛውም ኪታብ ሊመረመር ይገባዋልና የታየኝን ለአንባቢያን ላቅርብ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተናጋሪው የሁለቱንም ወገን መጻሕፍት ይዞ ይቆማል። ከሌላው ወገን መጽሐፍ አንድ ቁጥር ያነብባል፣ ከዚያ ጋር የሚጋጭ የሚመስል ሌላ ቁጥር ያስከትላል፣ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ «እስቲ ይመልሱ!» ይላል። ትንፋሽ ለመሳብ ያህል ዝምታ ይሆናል። «አያችሁ? መልስ የላቸውም!» ይላል። አዳራሹ በተክቢራ ይናወጣል፤ በወዲያኛው ወገን ሥራ ላይ ደግሞ በእልልታ። ለመሆኑ መልስ ያጣው ማን ነው? በአዳራሹ የተቀመጠው ሁሉ የተናጋሪው ወገን ነው። እንዲመልስ የተጠየቀው ሰው በዚያች ሰዓት ደምበጫ አጠገብ በሬ ጠምዶ እያረሰ ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም፤ የዘር ሐረጉ የተከበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ሕንድ ውስጥ በአግራ ከተማ ሸኽ ረሕመቱላህ አል-ካይራነዊ ፋንደር ከሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ጋር በአደባባይ ተከራክረው ነበር። ፋንደር «ሚዛኑል ሐቅ» የተባለ መጽሐፍ ጽፎ በእንግሊዝ አገዛዝ ጥላ ሥር ሙስሊሙን የሚሞግት ሰው ነበር። የሚከራከሩባቸው ርእሶች አስቀድሞ በስምምነት ተለይተው ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት ቀን ተነጋገሩ። ሸኹ በኋላ «ኢዝሃሩል ሐቅ» የተባለውን ኪታብ ጻፉ፤ መካ ገብተውም የሰውለቲያን መድረሳ መሠረቱ። ይኸው ኪታብ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሱቅ ተቀጥሮ በሚሠራ ወጣት እጅ ገባ። ወጣቱ አሕመድ ዲዳት ነበሩ። የሚሲዮን ተማሪዎች እየመጡ በዲናቸው ሲያዋክቧቸው መልስ ፍለጋ ነበር ያን ኪታብ ያነበቡት። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ከሰባኪው ጂሚ ስዋጋርት ጋር ያደረጉት ክርክር በቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። አላህ ይዘንላቸውና በ2005 እ.ኤ.አ. አርፈዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ፋንደር ወንበር ነበረው። ስዋጋርትም የራሱ ማይክራፎን ነበረው፤ ከዲዳት እኩል ሰዓት ተሰጥቶት ተናግሯል። ወደ እኛ ገበያ የደረሰው ቅጂ ግን የባላጋራውን ወንበር ጥሎ ንግግሩን ብቻ ነው የወሰደው። በዚያ ላይ ካይራነዊም ዲዳትም ሳይነኳቸው የተነሡ ሰዎች አልነበሩም፤ በራፋቸው ድረስ የመጣ ሰባኪ ነበር። በጎጃም ገጠር ግን አንድ ሙስሊም በራፉ ላይ የሚያገኘው ፋንደርን አይደለም። የሚያገኘው አብሮት ዕድር የገባውን፣ ጋቢ ያሸመነውን፣ ልጁን አብሮት የቀበረውን ጎረቤቱን ነው።

ስለ ሌሎች ዘንድ ስለ ዲን መናገር ሲነሣ ሁላችንም የምንጠቅሰው የነጃሺን ችሎት ነው። ታሪኩን ለልጆች ስናስተምር ቶሎ ብለን ንጉሡ ያለቀሰበት ቦታ ላይ እንደርሳለን። ከዚያ በፊት ያለውን ማን ያጤነዋል? በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ላኩ። ሁለቱ መልእክተኞች ስጦታውን ለቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አስቀድመው አደሉና አንድ ነገር ለመኗቸው፤ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጥ ይምከሩልን አሉ። የቁረይሽ ዕቅድ ከመጀመሪያው መላሽ የሌለበት ክስ ነበር ማለት ነው! ነጃሺ አልተቀበለም፤ ሰዎቹን ጠርቼ ሳልሰማ አልሰጥም አለ። የሐበሻው ንጉሥ ፍትሕ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ያደረጉትም እንዲሁ ሊጤን ይገባዋል። ከቁርኣን አንብብ ሲባሉ የመረጡት የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ነበር፤ የዘከሪያን፣ የየሕያንና የመርየምን ታሪክ። ጳጳሳቱ ከሚያውቁትና ከሚወዱት ጀመሩ። ይህን ሰምቶ ጃዕፈር አስመሳይ ነበሩ የሚል ሰው ካለ ማግስቱን ያንብብ። በማግስቱ ዐምር ተመልሶ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። ሙስሊሞቹ ተመካከሩና የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውን እንናገራለን አሉ። ተጠይቀውም ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ መሆኑን፣ ከርሱ የሆነ መንፈስና ወደ ድንግሊቱ መርየም የጣለው ቃሉ መሆኑን አንዲት ሳይሸሽጉ ተናገሩ። በዙሪያው የነበሩት አጉረመረሙ። ጃዕፈር ያልተጠየቁትን በስድብ አልጨመሩም፤ የተጠየቁትንም በፍርሃት አልቀነሱም።

በቁርኣንም ከሌላው ጋር ስለ መቀመጥ የወረደው ትእዛዝ ብዙዎች ከሚያስቡት የጠራ ነው። በሱረቱል አንዓም 68ኛው አያ በአላህ አያዎች የሚዘባበቱትን ስታይ ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ ራቃቸው የሚል ትርጉም አለው። በመዲና የወረደው የኒሳእ ሱራ 140ኛ አያም ይህንኑ ያስታውሳል። በመድረሳ ነሕው የተማረ ሰው «ሐታ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ «እስከ» ማለት ናት፤ ወሰን አላት። ወሬው ሲለወጥ መቀመጡ ይመለሳል። በዚያው በአንዓም 108ኛው አያ ደግሞ እነርሱ የሚጠሯቸውን መስደብ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም ሳያውቁ ወሰን አልፈው አላህን እንዳይሰድቡ ነው። አንድ ተናጋሪ በሚሞሪ ላይ የክርስቲያኑን እምነት ሲያላግጥ በማግስቱ በወዲያኛው ወገን ሚሞሪ ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚባለውን አብሮ እየቀዳ መሆኑን ለምን አይረዳም?

የጥንቱን ዘመን አሞግሼ የዛሬውን ብቻ ልወቅስ አልፈልግም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ስፍራ ስለ ሃይማኖት ሲነጋገሩ ወንበሩ እኩል የነበረበት ጊዜ በአገራችን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። በ1870 ዓ.ም. ወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገው ጉባኤም ስሙ ጉባኤ ይሁን እንጂ ፍርዱ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ እጅ ነበር። በዚያ የተፈረደበት ሙስሊሙ ብቻ አልነበረም፤ የሦስት ልደት ባህል ተከታይ የነበሩ ክርስቲያኖችም ተፈርዶባቸዋል። የወሎው ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሲባሉ ሸኽ ጠልሐ ደግሞ እምቢ ብለው ሸፈቱ። ዘውድ በዳኝነት የተቀመጠበት ክርክር ውስጥ ሁለት መንገድ ብቻ ነበር ማለት ነው። በጎጃምም ሙስሊሙ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት ከሚባለው ነገር ርቆ በሽመናና በንግድ ነው የኖረው። እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሰው ስለ ዲኑ ሲጠየቅ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አይገርምም። ስለዚህ አንዳንድ ወጣቶች «ተቻችለን ኖረናል» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸውን ቢያኮማትሩ አልፈርድባቸውም፤ መቻሉ የአንድ ወገን ብቻ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነውና።

የቅርቡም ቁስል አልዳነም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊም ሱቆች ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በቀብር የተሰበሰቡ ሙስሊሞች ተገድለዋል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ይህን ሁሉ ሚሞሪው አመጣው አልልም። ነገር ግን ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ጎረቤቱ ከሌለበት አዳራሽ የተቀዳ የሆነ ልጅ ክፉ ወሬ ሲመጣበት ወሬውን የሚመዝንበት ሚዛን ከየት ያገኛል?

ሚዛኑ ያለው ማንም በማይቀዳው ቦታ ነው። በገጠራችን ክርስቲያኑ ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በግ ለይቶ ያቆማል፤ ባራኪው ሙስሊም ነው፣ ድስቱም ለብቻ ነው። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ ያደርጋል። ሥጋው ተለይቶ ዳሱ ግን አንድ ነው። ስለ ዲን ብርቱ ጥያቄ ሲጠየቅ የሰማሁት በዚያ ዳስ ውስጥ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሮመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን ሲገቡ በአንድ የበርበሬ መጋዘን ደጅ የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ቄስ አንዱ ሙስሊም፣ ስለ ጾም ሲነጋገሩ አጠገባቸው ነበርኩ። «ሸህ፣ እናንተ ማታ ሥጋውንም ወተቱንም ትበላላችሁ፤ ታዲያ ጾሙ ምኑ ላይ ነው?» አሉ ቄሱ። ሙስሊሙ ሽማግሌ ሳቁና «መምሬ፣ እርስዎ ቀን ውሃ ይጠጣሉ እንዴ?» አሉ። ቄሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማይቀምሱ አስረዱ፤ የእኛው ደግሞ ስለ ኒያና ከምላስ ኃጢአት ስለ መጾም አስረዱ። አንዳቸውም አልተረቱም። በማግስቱ እዚያው ተቀምጠው አየኋቸው።

«ታዲያ ዳዕዋ ይቅር ትላለህ ወይ?» የሚለኝ አለ። አልልም! ዳዕዋ ግዴታችን ነው። የነጅራን ክርስቲያኖች መዲና በመጡ ጊዜ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ እንደ ጸለዩ የሲራ ዘጋቢዎች ጽፈዋል። ስለ ዒሳ ክርክሩ እስከ ሙባሀላ ጥሪ ድረስ ጠንክሯል፤ መጨረሻው ግን ውል ሆኖ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚህ የጠነከረ ዳዕዋ፣ ከዚህም የሰፋ ወንበር አላውቅም። የኔ ነቀፌታ ዳዕዋ ስሙን ብቻ ተውሶ የራሱን ወገን ለማስጨብጨብ የተዘጋጀውን ሥራ ነው። ይህን ሥራ ሰምቶ ወደ እስልምና ይመጣል የሚባለው ሰው በመጀመሪያዋ ሳቅ ተነሥቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው አስቀድሞ ያመነው ነው።

ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ታትሟል። መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነበር ይባላል። ሁለቱም መጻሕፍት በአንድ ቋንቋ በእጃችን ናቸው። ስለዚህ በመድረሳችን አንድ ነገር ጀምሬያለሁ፤ አንድ ደረሳ ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ ብሎ ከመናገሩ በፊት አባባሉን ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አሳይቶ «አዎን፣ የምናምነው ይህንኑ ነው» አሰኝቶ እንዲመጣ አዝዣለሁ። ከሚሞሪው አርባ ነጥብ ሸምድዶ የነበረ አንድ ልጅ ስለ ሥላሴ የያዘውን ይዞ ወደ አንድ ዲያቆን ሄደ። ዲያቆኑ አይቶት እኛ እንዲህ አንልም አለና የኔታን ልጠይቅ ብሎ ቀጠሮ ሰጠው። ከሳምንት በኋላ መልሱን በወረቀት ጽፎ ሰጠው፤ ከታች ግን የራሱን ጥያቄ አክሎበት ነበር፤ «እናንተ ዒሳ ተመልሶ ይመጣል ትላላችሁ ሲባል ሰማሁ፤ መጥቶ ምን ያደርጋል ነው የምትሉት?» አርባውን ነጥብ የሸመደደው ልጅ ይህን አያውቅም ነበር። ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ከመግሪብ በኋላ የሐዲስ ኪታቡን አውርደን ማንበብ ጀመርን።