ከመሬት የተላቀቀው ፍርድ ቤት

የቆመን ሕንፃ ዓምድ ከሥሩ ቁረጥ ቢባል የትኛውም መሐንዲስ ልቡ መምታቱ አይቀርም። ሸክሙን አስቀድመህ በሃይድሮሊክ ክሪክ ትቀበላለህ፣ ትቆርጣለህ፣ በክፍተቱ መሸከሚያውን ታስገባለህ፣ ከዚያ ክሪኩን ቀስ እያልክ ታወርዳለህ። ዓምዱ ትንሽ ሰመጥ ካለ ከላዩ ያለው እብነ በረድ ይሰነጠቃል። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ሰባተኛውና ሚሽን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ባለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሥር 256 መሸከሚያዎች ገብተዋል። የአሮጌ ሕንፃ ጥገና እንጀራዬ ስለሆነ ይህን ቁጥር አቅልዬ ማየት አልችልም።

ሕንፃው ፖስታ ቤትም ፍርድ ቤትም ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ንድፉ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ዋና አርክቴክት የነበረው የጄምስ ኖክስ ቴይለር ነው፤ ውጭው ነጭ ግራናይት፣ ውስጡ እብነ በረድና ሞዛይክ፣ አጥንቱ ብረት። ዓመት ሳይሞላው የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ዙሪያው ያለው መንገድ ሰመጠ፣ እሱ ግን ቆመ። እሳቱ ሲከተል የፖስታ ሠራተኞች የደብዳቤ ጆንያ ውሃ ውስጥ እየነከሩ ነበልባሉን ደብድበው መለሱት። (የእሳት አደጋ መሣሪያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጆንያውን እንዳይረሳው።)

በ1989 ሌላ መንቀጥቀጥ ጎዳውና ተዘጋ። የተለመደው መድኃኒት በየፎቁ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ማቆም ነው። ያ ግን ሞዛይኩን መፈልፈል፣ የችሎቱን ግድግዳ መግፈፍ ማለት ነው፤ ለማዳን የመጣኸውን አፍርሰህ ምኑን አዳንከው? ስለዚህ ሥራው ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ ዓምዶቹ ተቆርጠው መሸከሚያዎቹ ከሥራቸው ገቡ።

መሸከሚያው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠ ብይ ነው። መሬቱ ሲናጥ ብዩ፣ ማለትም ተንሸራታቹ፣ የተወለወለውን ብረት ሽቅብ ይወጣል፣ የሕንፃው ክብደት ራሱ ይመልሰዋል፣ ሰበቃው ደግሞ ጉልበቱን ይበላል። እኔን የሚማርከኝ ሌላ ነው፦ የመወዛወዣውን ጊዜ የሚወስነው የጎድጓዳው ኩርባ ራዲየስ እንጂ የተጫነው ክብደት አይደለም። ቀላል የተሸከመውም ከባድ የተሸከመውም ዓምድ እኩል ይወዛወዛል። በ1930ዎቹ ክንፍ ለተጨመረለት፣ ክብደቱ ወጥ ላልሆነ ሕንፃ ይህ ከመጠማዘዝ ያድነዋል።

የሚቀረው ጥበቃ ነው። እንዲህ ያለ ሕንፃ ለመመርመር ስገባ ጣሪያውን የማየው በኋላ ነው። መጀመሪያ የምዞረው ሕንፃው እንዲወዛወዝ በዙሪያው የተተወውን ክፍተት ነው፤ ቧንቧ ሲቀይር ሲሚንቶ የሞላበት ሠራተኛ አለመኖሩን ለማየት።