በጌታ ድምፅ የተሸፈነ ልሳን፦ የዣን ሩሽ ፊልሞች በቋንቋ ዐይን ሲታዩ

ፈረንሳዊው ዣን ሩሽ (1917–2004 እ.ኤ.አ.) በሥነ ሰብ ፊልም ታሪክ ውስጥ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ባለሙያዎች አንዱ ነው። ሐያስያን አብዝተው የተነጋገሩት ስለ ካሜራው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ በፊልሞቹ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? በየትኛውስ ቋንቋ?

ሩሽ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ሆኖ በ1941 ወደ ኒጀር ሄደ። ሠራተኞች በመብረቅ ሲሞቱ የሶንግሃይ ሰዎች ያካሄዱትን ሥርዐት ማየቱ ወደ ምርምር መራው፤ በፓሪስም የማርሴል ግሪዮል ተማሪ ሆነ። በ1960 ያሳተመው የሶንግሃይ ሃይማኖትና አስማት ጥናቱ የአምልኮ ቃሎችን በሶንግሃይ ቋንቋ አስፍሮ በፈረንሳይኛ ይተረጉማል። በመጽሐፉ ዋናው ልሳን ከትርጉሙ ጎን ቆሞ ይታያል፤ አንባቢም ሊያመሳክር ይችላል። በፊልሙ ግን ይህ ዕድል የለም።

በ1955 የወጣውን «እብዶቹ ጌቶች» የተባለውን ሥራ እንመልከት። ፊልሙ ከኒጀር ወደ አክራ የፈለሱ ሠራተኞች ሃውካ በተባሉ መናፍስት ሲያዙ ያሳያል። መናፍስቱ የቅኝ ግዛት ዘመን ሹማምንት ናቸው፤ ገዥው፣ ባቡር ነጂው፣ የቀይ ባሕር ካፒቴን። የተያዙት የሚናገሩት የቅኝ ገዢዎችን ቋንቋ የሚያስመስል ቅይጥ ልሳን ነው። ለሥነ ልሳን ባለሙያ የፊልሙ እምብርት ይህ ልሳን መሆን ነበረበት፤ ሥልጣንን በድምፅ የመንጠቅ ሥራ የሚከናወነው በእርሱ ነውና። ተመልካች የሚሰማው ግን በአብዛኛው የሩሽን የፈረንሳይኛ ትረካ ነው። መናፍስቱ የተከራከሩትን ተራኪው ስለ እነርሱ ሆኖ ይናገራል። ሹሙን በልሳናቸው የሚያስመስሉ ሰዎች እንደገና በሹሙ ቋንቋ ተጠቃለዋል።

ለዚህ የሚቀርበው የተለመደ መከላከያ የመሣሪያ እጥረት ነው። በእርግጥም በዚያ ዘመን ሩሽ በእጅ በሚጠመዘዝ ካሜራ ይቀርጽ ነበር፤ አንድ ቀረጻ ከ25 ሰከንድ ያህል አያልፍም፤ ድምፁም ከምስሉ ጋር እኩል አይሄድም። ይህ መከላከያ ለ1955 ይበቃል፤ ለ1971 ግን አይበቃም። ሩሽ ከኤድጋር ሞራን ጋር ሆኖ በ1960 ክረምት የፓሪስን ሰዎች ሲቀርጽ ድምፅና ምስልን በአንድነት የሚይዝ ቀላል መሣሪያ እጁ ገብቶ ነበር። ፓሪሳውያኑ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ፤ የተቀረጸውንም አይተው ተከራከሩበት። በ1971 በኒጀር በሠራው «ቱሩና ቢቲ» ግን፣ መሣሪያው ቢኖርም፣ ሩሽ በሶንግሃይኛው ንግግር ላይ አሁንም በራሱ ድምፅ ይተርካል። የግርጌ ትርጉም ምስልን ያበላሻል የሚል አቋም ነበረው። ስለ ዐይን መጨነቁ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ጆሮ ነው።

ለሩሽ ፍርድ ስንሰጥ «እኔ፣ ጥቁር ሰው» (1958) የተባለውን ፊልም መዝለል አይገባም። በአቢጃን ትሬሽቪል የሚኖረው ኡማሩ ጋንዳ የራሱን ምስል እያየ ትረካውን በቃል ፈጠረ። የሚሰማውም የመማሪያ መጽሐፍ ፈረንሳይኛ ሳይሆን የሠራተኛው ሰፈር ፈረንሳይኛ ነው። ዳሙሬ ዚካና ላም ኢብራሂማ ዲያም በ«ጃጓር» እንዲሁ አድርገዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ሆኖም የተፈቀደው ልሳን አሁንም የገዢው ነው። ጋንዳ በኋላ ራሱ ፊልም ሠሪ ሲሆን «ካባስካቦ»ን በዛርማ ቋንቋ ሠራው። ከማናቸውም ጽሑፍ ይልቅ ለሩሽ የተሰጠው ጠንካራ ሂስ ይህ ምርጫ ይመስለናል። ኡስማን ሴምቤንም በ1965 ሩሽ አፍሪካውያንን እንደ ነፍሳት ይመለከታል ብሎ ፊት ለፊት ነቅፎታል።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ባዕድ አይደለም። የሩሽ መምህር ግሪዮል የመራው የዳካር–ጂቡቲ ጉዞ በ1932 ጎንደር ደርሶ ነበር፤ ሚሼል ሌሪስም በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት የዛር ሰዎችን አጥንቷል። ሶንግሃዮች መንፈስ የያዘውን ሰው «ፈረስ» ይሉታል፤ እኛም «የዛር ፈረስ» እንላለን። ዎልፍ ሌስላው በ1949 የዛር ሰዎችን ልዩ ልሳን ራሱን የቻለ የቋንቋ ጉዳይ አድርጎ አቅርቦታል። የሃውካዎችም ልሳን ይህ ክብር ይገባው ነበር።

ስለዚህ የሩሽን ፊልሞች እንደ ቋንቋ ሰነድ የሚጠቀም ተመራማሪ ሦስት ነገሮችን መለየት አለበት፤ በቦታው የተነገረውን ቃል፣ ያገሬው ሰው ለሩሽ የሰጠውን ፍቺ፣ እና ሩሽ በራሱ አንደበት ያቀናበረውን ትረካ። ሦስተኛው ውብ ድርሰት ነው፤ ትርጉም ግን አይደለም። ከትረካው ሥር የሚሰማውን ንግግር ከቋንቋው ተናጋሪዎች ጋር ተቀምጦ መጻፍ ቀሪ ሥራ ነው። ዛሬ በየገዳሙ፣ በየለቅሶውና በየዛር ቤቱ ካሜራ ይዘው ለሚገቡ የራሳችን ተመራማሪዎችም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የተናጋሪውን ድምፅ ሳይሸፍኑ መቅረጽ፣ የአስተርጓሚውን ድርሻ መመዝገብ፣ የራስንም ትረካ ለብቻው ማኖር።